ለለቅሶ የወጣችው ማኪና

ልጄ፣ ትናንት ማኪናህን ዳገቱ ላይ ስታስጨንቃት የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሸተተኝ። አንተ መስኮቱን ዘጋህ። እኔን ግን ያ ሽታ ማክሰኝት ወሰደኝ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ክረምቱ አብቅቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል።

መንዳት ያስተማረኝ ሹፌር ክረምቱ መንገዱን ሲዘጋ የጭነት ማኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ፣ ዘመዱን ሊጠይቅ ከነጋዴዎች ጋር በእግሩ ወደ መተማ ወረደ። ንዳድ ያዘውና እዚያው ተቀበረ። መርዶው በነሐሴ ጭቃ ደረሰ፤ ለቅሶው ግን ዘመድ እስኪሰበሰብ ለመስከረም ማብቂያ ተቀጠረ።

በአገራችን አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ሟች በዕቃው ይታያል። በቅሎው ተጭና፣ ጠመንጃውና ካባው ተንጠልጥሎባት፣ በአልቃሹ መካከል ቀስ ብላ ትዞራለች። ሹፌሩ ግን በቅሎ አልነበረውም።

«ማኪናዋ ትውጣ» አለች ሚስቱ።

የሟቹ አጎት ኮስታራ ሽማግሌ ነው፤ ያም ሆኖ ሳቅ አመለጠው። «ምነው ልጄ! ብረት ለለቅሶ ወጥቶ ያውቃል? የጎረቤት በቅሎ እንጭናለን።»

«የሰው በቅሎ አውጥቼ ማንን ላልቅስ፣ አያ? እሱ ዕድሜውን የጨረሰው እዚች ላይ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው እንደ በቅሎ ቀስ ብላ ትሂድ። ሰው መሃል ብትደነብር አንተን ነው የምይዘው። አልቃሹ ሳይደርስ ካልተገራች በቅሎዋ ትወጣለች።»

ሞተሩን ከፊት በማኒቬላ አሽከርክሬ አስነሳሁት። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ ማርሽ ላስገባ ስል ብረት ከብረት ተፋጨ። በግድ ሳስገባው፣ እግሬ ገና ፔዳሉ ላይ እያለ፣ ማኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች። ደጁ ላይ የነበሩት ሴቶች እየጮኹ ተበታተኑ።

«በቅሎዋን ጫኑ!» አለ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ተደናግጬ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ላውርድ ብዬ ቢሆን ኖሮ ለቅሶው ያለ ማኪናዋ ያልፍ ነበር። ልጄ፣ ብልሽት ሲገጥምህ ከቀላሉ ጀምር፤ መፍታት የሚቀናው ሰው ብዙ ነው፣ ማየት የሚቀናው ግን ጥቂት። ከሥር ገብቼ ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘውን ዘንግ መረመርኩ። አልታጠፈም። ልል ስለ ነበር አጠበቅሁት። ፔዳሉ ተስተካከለ፤ ማኪናዋ ግን እንደገና ዘለለች። ችግሩ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«ክረምቱን ማን አንቀሳቀሳት?» አልኩ።

«ማንም» አለች ሚስቱ። «እሱ ሳይመለስ እጅ እንዳይነካት ብዬ እኔው ከለከልኩ። ከመርዶውም በኋላ አላስነካሁም።»

«በዚህ ምክንያት ነው፣ እታለም። ብዙ ስለ ቆመች እርጥበት ገብቶ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከብረቱ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ፔዳሉ ቢረገጥም ሞተሩን ከጎማው አይለይም።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «እኔ ነኛ ያሰርኳት።»

ሐሰት ብነግራት ትጽናና ነበር። አልነገርኳትም።

ሞተሩን በደንብ አሙቄ አጠፋሁትና ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። የሰፈሩ ጎረምሶች ቁልቁል ገፏት፤ ሞተሩ ተነሳ። ባዶው ሜዳ ላይ፣ ሸራው እንዲላቀቅ፣ ፔዳሉን እንደ ረገጥኩ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ እየለቀቅሁ ነዳኋት። ማኪናዋ እየተንገጫገጨች በረረች። ከሜዳው ጫፍ ያለው ወንዝ እየቀረበ ነው፤ እግሬን ግን አላነሳሁም። ድንገት ከሥሬ እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ያለ ድምፅ ወጣ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፤ ማኪናዋ ለፍሬኑ ታዝዛ ቆመች። ያ ሽታ ከወለሉ ስንጥቅ ወጥቶ ፊቴን ሞላው።

አልቃሹ ደረሰ። የሟቹን ኮት ከፊት አንጠለጠልንና በአንደኛ ማርሽ በሰው እርምጃ ሄድኩ። ሙሾ አውራጇ ስትቆም ቆምኩ፤ ስትነሳ ተነሳሁ። ሽማግሌው ልጓም እንደ ያዘ ሰው፣ እጁን የፊት መብራቱ ላይ ጭኖ፣ እያለቀሰ ይመራኝ ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን ሚስቱ ብቻዋን መጣች። መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ገና ትኩስ ነበር፤ እጇን ግን አላነሳችም።

«ነገ ጭነት ፈልግላት» አለችኝ።

ከዚያ ኮቱን አውርዳ በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ክንዷ ላይ አድርጋም ወደ ቤቷ ገባች።