ለሰባት ቀን ይፈላ

ጋሽ መመሪያ የሚለው ስም የወጣለት በቀልድ ሳይሆን ደንበኞቹ አንጀታቸው ቢያርር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጠግን ኖሮ አንድም ቀን ወረቀት ሳያነብ ብሎን ፈትቶ አያውቅም። «አይቀዘቅዝም» ብለው ፍሪጅ ሲያመጡለት መጀመሪያ የሚጠይቀው የፍሪጁን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከሌለ ፍሪጁም የለም። አንዴ ዓይኑ እያየ ወለል ለወለል የሚዘልን ማሽን «ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ አልተጠቀሰም» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል።

ጡረታ ሲወጣ ከሰው ቤት የተጣለ ትርኪ ምርኪ ሁሉ ተሰልፎ ወደ ጓሮው ክፍል ገባ። ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ለዚያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ታግላለች፤ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ስንት መንግሥት ወድቋል። የስፌት መኪናዋ ቦታ አጥቶ መኝታ ቤት ትራስጌዋ ቆሟል። ተኝታ ስትገላበጥ ክርኗ መዘውሩን ይገፋዋል፤ መርፌው አንድ ጊዜ ወርዶ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ከነፒጃማዋ ከአንሶላው ጋር ተሰፍታ ነቅታለች። ባሏ መቀስ ሲያቀብላት ምን እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ የመኪናው መጽሐፍ ማሽኑ ከአልጋ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አይገልጽም አለ።

አብዮቱ የፈነዳው ከአንድ የሞተ ፍሪጅ የአትክልት መሳቢያ ውስጥ ስምንት ገጽ ወረቀት ባገኘ ዕለት ነው። «ቢራ በቤትዎ» ይላል ርዕሱ። ሰውየው ጠጪ እንኳ አይደለም፤ ግማሽ ጠርሙስ ጆሮውን ያቀላዋል። ወረቀቱ ግን ቁጥር የተሰጣቸው፣ ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ነበሩት። ለመታዘዝ የተፈጠረ ሰው አዛዡን አገኘ።

የሠራው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስደንቃል። ሚዛን የሌለው ፌዘኛ አልባል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የውጭ በርሜል አቁሞ ድስት አደረገው፤ ወንፊት የመሰለውን የውስጡን በርሜል ብቅል መያዣ። የማሽኑን የውሃ ማሞቂያ ሬዚስታንስ ከሥር ገጠመ፤ ሬዚስታንሱን የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት ከካውያ ነቀለ። ከፍሪጅ ጀርባ የፈታውን የመዳብ ቱቦ ሦስት ጊዜ አጥቦ እንፋሎቱን በመስኮት እንዲያስወጣ ዘረጋው። ክዳኑ የማሽኑ ክብ የመስታወት በር ነው፤ ዙሪያውን የፍሪጅ በር ጎማ ታስሮበታል። ከፊቱ በርጩማ አስቀምጦ እንደ ቴሌቪዥን ሊያየው ነው።

ሚስቱ ይህን አይታ አልጮኸችም። ታናሽ ወንድሟ በከተማው ቢራ ፋብሪካ ቀማሽ ነው፤ መንግሥት ምላሱን ቢመዘግብ የማይበዛበት ሰው ነው፤ በሚቀጥለው እሁድ ምሳ ሊበላ ይመጣል። ሴትየዋ ባለ ሦስት ነጥብ የአቋም መግለጫ አወጣች። አንደኛ፣ ወንድሜ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ከጨረሰ ክፍሉ እስከ ዕለተ ሞትህ ያንተ ነው። ሁለተኛ፣ ካልጨረሰ ሰኞ ጠዋት ቆራሌው ተጠርቶ አንዲት ብሎን ሳትቀር ይጭናል። ሦስተኛ፣ የስፌት መኪናዬ ይገባል። ሌላ ባል ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ቁጥር ስላለው ደስ ብሎት በትልልቅ ፊደል ገልብጦ በሩ ላይ ለጠፈው።

ቀማሹ ሊመጣ ልክ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። ወረቀቱ ስድስተኛ ቁጥር ላይ «መራራው አበባ ተጨምሮ ለአንድ ሰዓት ይፈላ» ይላል፤ አፈላ። ዘጠነኛ ቁጥር ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እርሾው ይጨመር፤ ከዚያም ተከድኖ፣ ማንም ሳይነካው፣ ለሰባት ቀን ይፈላ።»

አሁን ሁላችንም የምናውቀውን ልንገራችሁ። በቋንቋችን ድስት እሳት ላይ ሲንተከተክ ፈላ ይባላል፤ መጠጥ እሳት ሳያይ ጥግ ተቀምጦ በራሱ ሲብላላም ፈላ ይባላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ጋሽ መመሪያ ግን ሕፃን አይደለም፣ ባለሙያ ነው። ቴርሞስታቱን ሳያጠፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

እርሾ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ማኅበር ጣፋጩን አልኮል የሚያደርግ፣ በዓለም ላይ የቀረ የመጨረሻው ጭቁን ወዛደር ነው። ጋሽ መመሪያ ይህን ወዛደር በመመሪያው መሠረት ወደ በርሜሉ ጋበዘው፤ በመመሪያው መሠረት ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀቅሎ ፈጀው። ከዚያ ሬሳውን ሳምንት አፈላው።

ማክሰኞ የክፍሉ በር በእንፋሎት አብጦ አልዘጋ አለ። ረቡዕ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ የባንክ ሠራተኛ ጨርቁን አሽትቶ ከተለካ በኋላ ዳቦ ተጋግሮበት እንደሆነ ጠየቀ። ሐሙስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ በርሜሉ ውስጥ ያለው ከቀን ወደ ቀን እየጎደለና እየጠቆረ መሆኑን ነገረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ይፈላ ይላል» አላት፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «እየፈላ ነው።»

ትንሽ ውሃ ጨምርበት ብትለው «ማንም ሳይነካው» የሚለውን መስመር በጣቱ አሳያት። በተቀመጠበት ሲጎድል አየው። የሚያሳዝነው ነገር መፍራቱ ነበር። ያ ክፍል ከሄደ ሰውየው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም፤ የወንበርና የአልጋ መመሪያ አልተጻፈም። ቢሆንም ፍርሃት የሚፈቅድ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ አልነካውም።

እሁድ ቀማሹ መጣ። ምሳ በላ፣ አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ፣ ወደ ጓሮ ተወሰደ። ጋሽ መመሪያ ክዳኑን ከፈተ። ከአርባ ሊትር የቀረው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነገር ነው። በጭልፋ ብርጭቆ ሞልቶ አቀረበለት። ቀማሹ ብርጭቆውን ደፋው። ጠብ አላለም። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ትከሻው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ይፈላ እኮ እሳት የለውም። ዝም ብሎ በራሱ የሚፈላው ነው።»

«ስድስት ቁጥር ላይ ይፈላ ሲል እሳት ነበረው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሲደርስ እሳቱን ማን ወሰደው?»

ቀማሹ ወረቀቱን መለሰለት። ሃያ ዓመት ቢራ የቀመሰ ምላስ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም። ለወጉ ያህል ማንኪያ አስመጥቶ ቀመሰ። ደገመ። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ እስከ ታች ጠርጎ፣ የብርጭቆውን ውስጥ በጣቱ አብሶ ላሰ። ቢራ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከዚህ የሚጥም ነገር በዚህ ዓመት አፉ እንዳልገባ ተናገረ። ከቻሉ በጠርሙስ፣ ካልቻሉ በጋዜጣ ጠቅልለው እንዲሰጡት ጠየቀ።

ጋሽ መመሪያ ባዶውን ብርጭቆ አንስቶ ለሚስቱ አሳየ። በሩ ላይ የተለጠፈው አንደኛ ቁጥር ተፈጽሟል አላት።

«አልተፈጸመም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጠጥቶ ከጨረሰ ነው ያልኩት። እሱ ላሰ እንጂ አልጠጣም።»

«እትዬ፣ ምን ልዩነት አለው?» አላት ወንድሟ ከንፈሩን እየላሰ።

«እሱን ጠይቀው። በዚህ ቤት ቃል በቃል የሚሄደው እሱ ነው።»

ሰውየው የለጠፈውን ወረቀት ሄዶ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። «ጠጥቶ» ይላል። ልክ ነሽ አላት፤ በርጩማው ላይም ተቀመጠ። ለሠላሳ ዓመት ደንበኛ የገረፈበትን አለንጋ ሚስቱ ከእጁ ተቀብላ አንዴ ብቻ አሳረፈችበት።

ሰኞ ጠዋት ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ መጣ። ሴትየዋ ትልቁ ሳይወጣ ትንሹ አይወጣም ብላ መጀመሪያ በርሜሉን እንዲያነሳ አዘዘችው። አቅፎ ሳበ። በርሜሉ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ የሥሩ ጎማ በሰባት ቀን ሙቀት ተበልቶ ያ ጥቁር ነገር ወለሉ ላይ ፈሶ፣ እሳቱ ሲጠፋ ከሲሚንቶው ጋር አንድ አካል ሆኗል። ቆራሌው እግሩን አንፈራጦ እንደገና ሳበ። ከወለሉ የለቀቀው እግሩ ብቻ ነበር፤ ጫማው እዚያው ቀረ።

«እናቴ፣ ብዙ ብረት ጭኛለሁ» አለ በአንድ እግሩ ቆሞ፤ «ጫማ የበላብኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ምንድን ነው የሚያላቅቀው?»

ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። «ንገረው እንጂ። በምንድን ነው የሚለቀው?»

ከመስኮቱ ውጭ፣ ጓሮ ባለ ምድጃ ላይ ለሻይ የተጣደ የሙቅ ውሃ ማንቆርቆሪያ እያፏጨ ነበር። ጋሽ መመሪያ ማንቆርቆሪያውን አየ። ወለሉን አየ። ሠላሳ ዓመት ማሽን ሲፈታና ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው፤ የተቃጠለ ስኳር በሙቅ ውሃ እንደሚለቅ ያውቃል። ከኪሱ ስምንቱን ገጽ አውጥቶ ቀስ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጠ።

«መመሪያው ላይ የለም» አለ።

በሕይወቱ የዋሸው ይህን ብቻ ነው፤ እሱም ቃል በቃል እውነት ነበር። ሚስቱም የተቃጠለ ድስት ስትፈገፍግ የኖረች ሴት ናት፤ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ትሰማለች። ባሏን አየች፤ ወለሉን አየች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደች፤ ለቆራሌው የባሏን ነጠላ ጫማ ሰጥታ ሸኘችው፤ የስፌት መኪናዋንም ከመኝታ ቤት ጎትታ አምጥታ የመስታወቱ ክዳን ላይ ጣውላ አንጥፋ ጉብ አደረገችው። በርሜሉ አልተነቃነቀም። እሱ በርጩማውን ትንሽ ወደ ጥግ ሳበላት።