ሽኝት እናውቅበታለን

ሚዛን ተፈሪ ያለው ሆስፒታላችን ሽኝት ያውቅበታል። አንድ ባለሙያ ዝውውር አገኘ ከተባለ ከጥበቃ እስከ ሐኪም ያዋጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ጋቢ ይደረብለታል። የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ስለሆንኩ የስንብቱ ንግግር ሁልጊዜ የእኔ ነው፤ በንግግር ደግሞ አልታማም።

ብቸኛው የማደንዘዣ ባለሙያችን የለቀቀ ጊዜም እንደ ልማዳችን ሸኘነው። ጋቢውን ደርቦ ተነሣና፣ «እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ስሠራ ሁላችሁም አብራችሁኝ ስትቀመጡ ዛሬ ገና ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ንድድ አለኝ። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኛ ነው።

እሱ ሲሄድ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋ። ምጥ የጸናባት እናት ከአካባቢያችን ገጠር፣ ከሸኮም ትምጣ ከሸዋ ቤንች፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ከሌለ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ነው፤ መንገዱን ደግሞ የሄደበት ያውቀዋል። በኋላ አንዲት ገና የተመረቀች የአዲስ አበባ ልጅ ተመደበችልን። ዳይሬክተሩ፣ «እሷም አትቆይም፤ ደመወዝ ካልጨመርን ማን ይቆይልናል?» አለኝ።

«ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን የለኝም፤ መናኸሪያ ሄጄ መቀበል ግን እችላለሁ» አልኩት።

ሄድኩ። ሻንጣዋን ከአውቶብሱ ጣራ ላይ በዝናብ አስወረድኩላት። የቡና ወቅት ስለነበር የሚከራየው ክፍል ሁሉ በነጋዴ ተይዟል፤ ባዶ የተገኘውም «ለላጤ አናከራይም» ይባላል። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፤ ቤት ሳታገኝ ስለ ሥራ ላወራት አልፈለግኩም። በባጃጅ ከሰፈር ሰፈር ስንዞር ውለን አንዲት ባለሱቅ ጓሮዋ ያለውን ክፍል አሳየችን። «ኃላፊነት የሚወስድላት ዘመድ አላት?» ስትለኝ «እንደ አባቷ ቁጠሪኝ» አልኳት።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተከፈተ። በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ ከእንግዲህ የምናዋጣው ለሚሄድ ብቻ ሳይሆን ለሚመጣም ነው አልኩ። «ምን ሠራችና ነው በግ የሚታረድላት?» ብለው አጉረመረሙ። እያጉረመረማችሁ አዋጡ አልኳቸው፤ አዋጡም። በግብዣው ላይ አብራት የተቀመጠች የቤንች ልጅ፣ አዋላጅ ነርስ ናት፣ «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ማለትን በቤንችኛ አስጠናቻት። አዲሷ ልጅ ስትኮላተፍ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ ወባ የያዛት ጊዜ፣ ያጉረመረሙት ራሳቸው ሾርባ ይዘው ሲመላለሱ አየሁ። አልተገረምኩም። ሰዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ክፉ አይደሉም፣ ጀማሪ ይፈልጋሉ እንጂ።

ዓመት ሳይሞላት አዲስ አበባ ያለ የግል ሆስፒታል ጠራት። ወሬው ቀድሞ ደርሶኝ ነበርና ቢሮዬ ስትገባ ማሳመኛዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ፈሪ አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ፈራሁ።

«ጋሼ፣ እምቢ አልኳቸው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ክፍያው ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩ። ምን እንዳስቀባጠረኝ እንጃ።

«ጥሩ ነው። ግን ባደግኩበት ሰፈር እንኳ ስታመም እንደዚህ ተሰልፎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ወዲያው ስልኳ ጠራ። ምጥ የጸናባት እናት ከሸኮ ደርሳለች። ልጅቷ እየሮጠች ወጣች፤ እኔም በሩን ዘግቼ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ።