ፊሽካ ሲነፋ የቆመው ሰው

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የሳሙና ካርቶን ስደረድር ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ፊሽካ ተነፋ። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። የሚያጫውታቸው ዳኛ ከጨዋታው ይልቅ ፊሽካው የሚያስደስተው ዓይነት ነው። እኔ ግን ካርቶኑን እንደያዝኩ ወደ ሜዳው ዞርኩ። ሌላው ሰው ፊሽካ ሲሰማ ማን እንደሮጠ ያያል፤ እኔ የቆመ ሰው መኖሩን ነው የማየው። ልማድ ሆኖብኝ ቀርቷል።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ የጂንካ መሃሏ ሜዳ ነበር። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ማለቴ ነው። አውሮፕላኑ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ስለሆነ የቀረውን ጊዜ ሜዳው የከብቱ፣ የኳሱና ወደ ገበያ የሚያቋርጠው ሰው ነበር። ዝናብ ሲያባራ የተረገጠ ሣር ሽታ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ እስከ መደቤ ይመጣል። መደቤ ከሜዳው ዳር ነበረች። ጨው፣ ባትሪ፣ ምላጭ፣ ኮንጎ ጫማና ጨሌ እሸጥባታለሁ፤ ከዲመካ፣ ከሐመሮች ገበያ፣ ደግሞ ፍየል እያመጣሁ እነግዳለሁ። ጢሜ ገና በቅጡ አልወጣም። ትምህርቴን ያቆምኩት በጊዜ ነው፤ የቀረውን የፍየል ነጋዴዎች አስተምረውኛል፣ እነሱ ደግሞ ማንንም አይጥሉም።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መደቤ ፊት ቆሙ። አንዷ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ዳቦ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ፍርዱን ጨርሶ የሚወጣው ሰው ግራውንና ቀኙን እያየ በሩ ላይ ሲቆም ስታይ ከርማ፣ በመጨረሻ ማኅበር አቋቋመች። ሌላው ከዚያው ማረሚያ ቤት ጡረታ የወጣ ዋርድያ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስገባ ኖርኩ፤ እስቲ ደግሞ ላስወጣ» ብሎ ነው የተቀላቀላት። ቢሯቸው የዳቦ ቤቷ ጓዳ ነበር። አንድ መምህር የማኅበሩን ስም በቢሮ አማርኛ አርዝሞ ስለጻፈላቸው፣ የቆርቆሮ ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰዓሊ «የታራሚዎች መልሶ ማቋቋሚያና» ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው አለቀበት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሠሩ ከተማው በየራሱ ግምት ሞላው።

«ሠራተኛ አገኘንልህ» አለችኝ ጋጋሪዋ።

«እኔ መቼ ጠየቅኩ፣ እትዬ?»

«ሐመርኛ አፉን የፈታበት ነው። አንተን ዲመካ ላይ በጣትህ እያመለከትክ ፍየል ስትገዛ አይቼሃለሁ።»

እውነቷን ነው። በጣት የሚገዛ ሰው በጣት ይሸወዳል።

«ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

«በእጁ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የግጦሽ ጠብ ነው» አለ ዋርድያው። «ፍርዱን ጨርሷል።»

«እኔንስ ቢጨርሰኝ፣ ጋሼ?»

«አንተን እንዲነካህ መጀመሪያ ‹ንካው› የሚለው ሰው ያስፈልገዋል» አለች ጋጋሪዋ። «ችግራችንም እሱ ነው።»

ነገሩን ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውየው አገሩ ከዲመካ ወዲያ ነው፤ እናቱ በሕይወት አለች፤ የሚፈልገው ወደሷ መመለስ ብቻ ነው። የሟች ወገኖች እሺ ካላሉ ግን መንደሩን አይረግጥም። ሽማግሌዎቹ በልግ ሲወጣ ዲመካ ገበያ እንሰማዋለን ብለው ልከዋል። ግን ራሱ ይምጣ፣ በራሱ አፍ ይናገር። ሌላ ሰው እየጎተተው ከመጣ፣ ያስታረቅነው ጎታቹን ነው እንጂ እሱን አይደለም ብለዋል። እስከዚያ ጂንካ መቆየት፣ መሥራትም ነበረበት። ደግ ሰው አልነበርኩም፤ አስተርጓሚ ግን ያስፈልገኝ ነበር። ተቀበልኩት።

ረጅም፣ ዝም ያለ ሰው ነበር። አማርኛን የተማረው እስር ቤት ስለሆነ ለማንም ሰው «አቤት አለቃ» ነው የሚለው። ጨው ልትገዛ የመጣችን አሮጊት ቀጥ ብሎ «አቤት አለቃ» ሲላት፣ ሴትየዋ ደስ ብሏት ያላሰበችውን ባትሪ ጨምራ ሄደች። ንግዴን አልጎዳብኝም። ቸገረኝ የምለው ሌላ ነው። ዳቦ ሲሰጡት ይይዘዋል እንጂ አይበላውም። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚዞረው ሲነገረው ነው። እኔ «ብላ» ብለው ይሰማኛል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ዋርድያው ብቅ ይልና «ብላ» ይለዋል፤ ይበላል። ወደ ማታ «ተነስ፣ ግባ» ይለዋል፤ ገብቶ ይተኛል። ነገሩ ስለተቃና ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ ያ የገበያ ቀን መጣ። ሰውየው ሜዳውን አቋርጦ ፍየል እየሳበ ሲመጣ ከተራራው በኩል አውሮፕላን አጉረመረመ። የማረፊያው ዘበኛ ሜዳውን ለማስለቀቅ ፊሽካውን ነፋ። እንደ ወትሮው ሁሉም ሮጠ፤ ሸክም ያዘለው ከነሸክሙ፣ እረኛው ከነከብቱ። ሰውየው ግን ገመዱን ለቀቀ። እግሩን ገጠመ፣ እጁን ጭኑ ላይ ለጠፈ፣ አንገቱን አቀና። ሜዳው መሃል፣ አረንጓዴ ሣር ላይ፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ፊሽካ ሲነፋ ለቆጠራ ሲሰለፍ ኖሯል፤ እግሩ ሌላ ትርጉም አያውቅም።

«ውጣ! አንተ ሰው፣ ውጣ!» ስንል አይሰማም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጥቶ በላያችን ተመልሶ ወጣ። በዚህ መሃል ዋርድያው ባርኔጣው ወድቆ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ እየሮጠ ደረሰ። አልጎተተውም፣ አልጮኸበትም። ፊቱ ቆሞ ትንፋሹን ዋጠና በሥራ ድምፁ፦

«ቆጠራ ሙሉ ነው። በተን።»

ሰውየው እጁን ለቀቀና ተራምዶ ወጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አውሮፕላኑ ሁለተኛ ዞሮ አረፈ። ፍየሏን ያገኘናት ግን ሲመሽ ነው።

ዋርድያው ያን ቀን ዳቦ ቤት ውስጥ ታሪኩን ለገባው ሁሉ ይተርክ ነበር። የትኩስ ዳቦ ሙቀት ፊታችንን እየመታን እንስቃለን። ጋጋሪዋ አልሳቀችም። ከምድጃው ሳትዞር፦

«እሱ ከወጣ ቆይቷል» አለችው። «ያልወጣኸው አንተ ነህ።»

ዋርድያው ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ላይ መምጣቱን ተወ።

የመጀመሪያው ቀን ሰውየው ዳቦውን እንደያዘ ዋለ። እኔ ወደ ሚዛኔ ዞሬ ያላየሁ መሰልኩ፤ እንዲህ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በማግስቱ ዳቦውን ከእጁ ላይ ፍየል ልትነጥቀው አፏን ስትዘረጋ፣ ቀድሟት ጎረሰ። ሁለቱም የተገረሙ መሰለኝ።

የተባለው ቀን ደርሶ ዲመካ የወረድነው በአይሱዙ፣ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ጋጋሪዋ ዳቦ ቋጥራ፣ ዋርድያው ባርኔጣውን አጥቦ መጥተዋል። ገበያው ማርና ቅቤ ይሸታል፤ ፀሐዩ ዓይን አያስገልጥም። ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ጠበቁን። የሟች ታላቅ ወንድም ከመሃላቸው በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ከፊታቸው ቆመ።

ይናገራል ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ዋርድያው አዞረ። ሁላችንም አየን፤ የሟች ወንድምም አይቶ ፊቱን አጠቆረ።

ዋርድያው ያን ጊዜ ተነሳ። «እስቲ ፍየል ልይ» ብሎ ማንንም ሳያይ ወደ ከብት ተራው ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ፍየሎቹ መሃል ቆመ። ስለ ፍየል አንዳች የማያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የፍየል ጥርስ ሲያይ ከሩቅ ይታየኛል። ሰውየው ያን ጀርባ አየ። አንገቱን መለሰ። በአገሩ ቋንቋ ተናገረ፤ በዚያን ጊዜ እሱ ራሱ አስተምሮኝ ስለነበር ገባኝ።

«ጠዋት ይቆጥሩናል፣ ማታ ይቆጥሩናል። ሁልጊዜ ሙሉ ነው ይላሉ። እኔ ግን አንድ ሰው እንደሚጎድል አውቃለሁ። ወንድምህ ነው።»

የሟች ወንድም ቀና ብሎ አየውና «ተቀመጥ» አለው።

አልተቀመጠም። ታዞ እንቢ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። በወጉ ቀድሞ የሚቀመጠው እርቁን ሊይዝ የተሰየመው ሽማግሌ ነውና እሱ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ጠበቀ፣ ከዚያ ነው ዝቅ ያለው። ጋጋሪዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር፤ ለብዙ ቀን አሞኛል።

ዋርድያውን ልጠራው ስሄድ አንዲት ፍየል ገዝቶ አገኘሁት፤ በእጥፍ ዋጋ። ዋጋውን ሲነግሩት ጆሮው ግራሩ ሥር ነበርና አልሰማም። «ይሁን፣ ለእርቁ ትሁን» አለኝ። ለእርቁ የታረደችው እሷ ናት። ሰውየው በማግስቱ ከእናቱ ደጅ ደረሰ።

ባለፈው ክረምት ዋርድያው አረፈ። ሰውየው ከዲመካ በሚኒባስ መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይቷል፤ እኔን «አለቃ» ማለት ትቶ «ወንድሜ» ማለት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መዝሙሩ አልቆ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲወርድ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። እኔም አብሬው ቀረሁ። እርጥቡ አፈር ይሸታል። መቃብሩ ራስጌ ሄዶ እግሩን ገጠመ፣ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ፣ አንገቱን አቀና።

«ቆጠራ ሙሉ ነው፣ አለቃ» አለ ቀስ ብሎ። «በተን።»

ከዚያ ማንንም ሳይጠብቅ ቁልቁለቱን ያዘ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ።