አይጥ የሚገድል፣ ሰው የማይገድል

ልጃችንን አይጥ የነከሳት ሊነጋጋ ሲል ነው። ባለቤቴ የዳቦ መኪና ለመቀበል ተነስቶ ወደ ሱቁ ወጥቶ ነበር፤ እኔ በጩኸቷ ባነንኩ። ገና ዓመት አልሞላትም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እጇን ወደ ላይ ይዛለች፣ ከጠቋሚ ጣቷ የሚወርደው ደም ክርኗ ደርሷል። መጀመሪያ ምላጭ ያገኘች መሰለኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ግን አንድ ከባድ፣ ሞቃት ነገር እግሬ ላይ ተንሸራቶ አለፈ።

የምንኖረው በስደት አገር፣ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተሠራ ስፓዛ፣ በትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበር። ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ አልጋችንና የዕቃ ማከማቻችን፤ መሀላቸው አንድ መጋረጃ። ልጄን አዝዬ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። በሩ ላይ የቆሙ፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ ያልሆኑ የሰፈር ሰዎች የዚህ አገር መታወቂያ የሌለው አይገባም አሉኝ። አንዷ ከእኛ ሱቅ ወተት የምትገዛ ሴት ናት። የልጄን ጣት አየችና ፊቷን አዞረች። ታክሲ ይዤ የግል ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቁስሉን አጠበልኝ፣ መርፌ ወጋልኝና "አይጦቹን አጥፏቸው፤ ሁለተኛ ከነከሷት እንዲህ በቀላሉ ላያልፍ ይችላል" አለኝ። እንዴት እንደምናጠፋቸው አልነገረኝም።

መርዝ ነበረን። ግን በሌሎች ሰፈሮች ልጆች ከስፓዛ የተገዛ ነገር በልተው በመርዝ ሞቱ ከተባለ ወዲህ ሰዉ እኛን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ቺፕስ የሚገዙ እናቶች ፓኬቱን ገልብጠው ያያሉ፣ ያሸታሉ። እኔም እናት ነኝና አልፈረድኩባቸውም። ያለንን መርዝ ጠራርጌ ከቤት አወጣሁ። ደግሞም ልጄ ወለል ላይ ትድሃለች፣ ያገኘችውን ወደ አፏ ትከታለች። የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው ይመጣሉ። መርዝ ካገኙ ይዘጉናል፤ የአይጥ ኩስ ካገኙም ይዘጉናል።

ወጥመድ አስቀመጥን፤ ትንንሾቹን ያዘ፣ ትልልቆቹ ግን ማባበያውን በልተው ይሄዳሉ። ድመት አመጣን፤ ብዙም ሳትቆይ የት እንደገባች ጠፋች። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈንነው፤ በሌላ በኩል ቆፍረው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ግድግዳ ተደግፌ ማደር ጀመርኩ። ቀን ቆሜ አንቀላፋለሁ። ሻማ ለጠየቀኝ ደንበኛ ሳሙና ሰጠሁትና እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ከምባታ ነው፣ እኔ ሀዲያ ነኝ። ቤታችን ውስጥ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ የምንጣላውም በአማርኛ። አገር ቤት ግንበኛ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ሱቃችን ሲዘረፍ ቀኝ ክንዱን በጥይት ተመታ። ቁስሉ ዳነ፣ እጁ ግን አልዳነም፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምንሸጥበት የብረት ፍርግርግ ላይ ወጣት ወንድ በቆመ ቁጥር ፊቱ አመድ ይሆናል። ስለዚያ ቀን አያወራም። እኔም አልጠይቀውም።

ስለ አየር ጠመንጃ የሰማነው ከተማ መሀል፣ ዱርንፎንቴን፣ ዕቃ ለማውጣት በሄድንበት ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን የሆነ አንድ ነጋዴ ወንድም ስለ አይጦቹ ስነግረው ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ "ለምን የአየር ጠመንጃ አትገዙም? ባሩድ የለውም፣ ፈቃድ አይጠይቁህም። ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ፣ በቃ" አለ።

"በአሳይለም፣ በስደተኛ ወረቀት?" አለ ባለቤቴ።

"ወረቀትህን ማን ይጠይቅሃል? ለአይጥና ለእርግብ ነው እኮ።"

 ክንዱ ከተመታ በኋላ አይቼበት የማላውቀው ነገር ባለቤቴ ፊት ላይ አየሁ። ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ "ጠመንጃ" ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ሱቁን ዘግተን፣ ልጄን አዝዬ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነጭ ነው። ለምን እንደምንፈልገው ጠየቀን። ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩና የልጄን የተነከሰ ጣት አሳየሁት። ሰውዬው ጣቷን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ የተንጠለጠለውን ክንድ አየ።

"ተኳሹ ማነው?" አለ።

"እሱ" አልኩ።

"እሷ" አለ ባለቤቴ፣ በዚያው ቅጽበት። ከዚያ ወደ መሬት አየ።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልን ረጅምና ከባድ የሆነውን ነው። ውስጡ ትልቅ ሞላ አለ አለን። አፈሙዙን ይዞ ወደ ታች ሲሰብረው፣ ማለት ከመጋጠሚያው ሲያጥፈው፣ ሞላው ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ፒስተኑ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ጥይቱን። ባለቤቴ ልጃችንን በግራ እጁ ያዘልኝና እኔ ሞከርኩ። አፈሙዙ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ሰደፉን ጭኔ ላይ አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ልሰብረው አልቻልኩም። ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ፣ ከዚያ ልጅ የያዘች ግራ እጁንና የማትታዘዝ ቀኝ እጁን አስታውሶ ቆመ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"የቤቱ ግድግዳ ምንድነው?" አለ ሻጩ።

"ቆርቆሮ።"

"ከግድግዳው ወዲያስ?"

ከግድግዳው ወዲያ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት አሮጊት አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያት፣ ይላታል። ማኮቲ ትለኛለች፣ ሙሽራዬ እንደማለት ነው። አልጋዋ ከእኛ አልጋ ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ስታስል እንሰማለን።

"እንግዲያው ይሄ አይሆንም" አለና መልሶ ሰቀለው። "ከሳቱ ቆርቆሮውን በስቶ ያልፋል።"

ቀጥሎ ቀላሉን ሰጠኝ። በሁለት ጣት ይሰበራል ማለት ይቻላል። ደስ አለኝ፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ባዶ ጣሳ ለመምታት ነው። ትልቅ አይጥ ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ቆስሎ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይሸትብዎታል።" ባለ ጋዙንም አሳየን፤ ግን ጋዙ ባለቀ ቁጥር ሌላ መግዛት አለ። ሞላ ያለው ከክንድ በቀር ምንም አይፈልግም።

ስለዚህ መካከለኛው ቀረ። ስሰብረው አቃሰትኩ፣ ግን ተሰበረ፤ ቀጭ ብሎ ሲይዝ ሰማሁት። ሻጩ ሁለት ዓይነት የእርሳስ ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጠ፣ ወገባቸው ቀጠን ያለ፣ እንደ ደወል የሆኑ። ትንሹ ፈጣን ነው፣ ወፈር ያለው ቀርፋፋ ግን በደንብ ይመታል፤ ለቅርብና ለአይጥ ወፍራሙ ይሻላል አለ። እሱን መረጥኩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መካከለኛ ጉልበት ያለው በሁለት መልክ ነበር። አንዱ ሰደፉ እንጨት፣ ተራ። ሌላው ጥቁር፣ ባለ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ወታደር የሚይዘውን የመሰለ። ባለቤቴ ጥቁሩ ላይ ግራ እጁን አሳርፎ አላነሳውም።

"ይሄን" አለኝ በአማርኛ።

"ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሰውዬው ብሏል።"

"አውቃለሁ። ይሄን እንውሰድ።"

"ለአይጥ ምን ያደርጋል መነጽር? ክፍሉ እኮ አራት እርምጃ ነው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ለአይጥ ነው የምትገዢው። እኔ ለሰው ነው። ከፍርግርጉ ኋላ ቆመሽ ቢያዩት አይገቡም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልፈራ ልተኛ፣ እባክሽ።"

"እባክሽ" ብሎኝ አያውቅም። ልጄን ተቀበልኩትና ፊቷን አንገቴ ውስጥ ደበቅኩ። እሺ ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፣ ግን አላልኩትም። ሻጩ ቋንቋችንን ባይሰማም እጁን አይቶ የገባው ይመስለኛል። ቀስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ ሌቦቹ የሚመጡት እውነተኛውን ይዘው ነው። ይሄን ካዩ ቀድመው እርስዎን ይተኩሳሉ" አለው። ባለቤቴ እጁን ከጥቁሩ ላይ አነሳ። እንጨቱን ገዛን። 

የሩዝ ከረጢት አሸዋ ሞልተን አልጋው ትይዩ ባለው ጥግ አቆምን፤ በዚያ አቅጣጫ ካልሆነ በቀር ላልተኩስ ለራሴ ማልኩ። ሻጩ አጥብቀው ከያዙት ይስታል ብሎኝ ነበር፤ ሞላው ሲለቀቅ ጠመንጃው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይራገጣል፣ እንዲራገጥ መተው ነው። ይህን ለመልመድ ሳምንታት ፈጀብኝ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ አይጦቹ በቀን ብርሃን ይወጣሉ። የአሸዋው ከረጢት ሥር ዱቄት በትኜ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያውን የመታሁት እንደዚያ ነው። ሳይንፈራገጥ ቀረ። ጠመንጃውን አስቀምጬ ወጣሁና ግድግዳ ሥር አስመለሰኝ። ሁለተኛው ላይ አላስመለሰኝም። ከዚያ በኋላ ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቼ ጎኗ ጋደም ማለት ቻልኩ። ባለቤቴ የሞቱትን በአካፋ እያነሳ ይጥላል፤ "ጎበዝ" ይለኛል፣ ፈገግ ሳይል።

ክረምቱ ገብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ የለስላሳ መኪና ለመቀበል የብረቱን በር ከፈተ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ከኋላዬ ተኝታለች፣ ጠመንጃው ጭኔ ላይ ነው፣ አቀባብዬ ጥይት አጉርሼ አንድ ትልቅ አይጥ እጠብቃለሁ። ሣጥን ሲወድቅ ሰማሁ። "ማይ ፍሬንድ፣ ማይ ፍሬንድ" የሚል ድምፅ ተከተለ፤ ደንበኞቻችን ሁሉ የሚጠሩን በዚህ ነው፣ ይሄኛው ግን የደንበኛ አልነበረም። መጋረጃው ተቀደደና ባለቤቴ በጀርባው እግሬ ሥር ወደቀ። ከኋላው ሽጉጥ የያዘ ወጣት ቆሟል። ሌላው ሱቁ ውስጥ መሳቢያውን ሲጎትት ይሰማኛል።

ወጣቱ ጠመንጃውን አየ። እኔ አንገቱን አየሁ። በዚያ ርቀት ስቼ አላውቅም።

"ተኩሺ!" አለኝ ባለቤቴ። "ዓይኑን! ተኩሺ!"

 ብስታው ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ፤ ባልስተውም ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ። ከኋላዬ ልጄ ተገላበጠች። ባለቤቴ "ተኩሺ፣ ስለ ጌታ ብለሽ" እያለ ያለቅሳል። አፈሙዙን ወደ ጥጉ አዞርኩና አሸዋው ላይ ተኮስኩ። ጧ! አለ። ወጣቱ ዘለለ፤ ገደለን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጠመንጃውን ከእጄ ወስዶ እያገላበጠ ያየዋል። "ማማ፣ ይሄ እኮ የወፍ ነው" አለና ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ፍርሃቱ ነበረበት። ባለቤቴን በሽጉጡ ሰደፍ ግንባሩን መታው። ያገኙትን ሰብስበው፣ ጠመንጃውንም ይዘው ሄዱ።

ጎጎዋ ቀድማ ደረሰች። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችን፣ የባለቤቴን ግንባር በቀሚሷ ጫፍ ያዘችለት። ለፖሊስ የደወለ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ የመጣ የለም።

ባለቤቴ ለብዙ ቀን አላናገረኝም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይነሳል።  ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም በዚያ ጠመንጃ። አይጦቹ ጸጥታውን ያወቁ ይመስል ተመለሱ። እኔም ወደ ግድግዳው፣ ልጄም ወደ ደረቴ ተመለስን። አንድ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት አጠገቤ ተቀመጠ።

"ልጃችንን አስበሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?" አለኝ።

ልዋሸው ፈለግሁ። "ፈርቼ ነው" አልኩት።

 "እኔም ተኩሺ ያልኩሽ ፈርቼ ነው" አለና ግራ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

በዚያው ወር ሱቁን ለሌላ ሐበሻ አስተላልፈን ወጣን። ለጎጎዋ መደርደሪያውንና ምድጃውን ተውንላት። አሁን ዱርንፎንቴን አንድ ፎቅ ላይ ከሦስት ቤተሰብ ጋር ተከራይተናል። እኔ ቀበቶና ካልሲ በመንገድ ዳር እሸጣለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ደንበኛ ይጠራል፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ወጣት ወንድ ሲጠጋን ድምፁ ይቋረጣል። እስኪያልፍ እጠብቅለታለሁ፣ ከዚያ ካልሲዎቹን እንደገና እደረድራለሁ፣ እሱም ይቀጥላል።