የስድስታችንን ማመልከቻ ይዤ ወደ ሰመራ

አዋሽ ሰባት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

በኮሮናው ዓመት ከአዋሽ የተነሣሁት አንድ ሰማያዊ ክላሰር ደረቴ ላይ አቅፌ ነው። በውስጡ የስድስት ሴቶች ማመልከቻ አለ፤ አንዱ የእኔ ነው። ስድስታችንም የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉባቸው መንገድ ዳር ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነበሩን። ወረርሽኙ ሲመጣ "በሽታውን ከጅቡቲ የሚያመጡት ሹፌሮች ናቸው" ተባለና መኪኖቹ ከተማ ውስጥ እንዳይቆሙ ተከለከሉ። ሹፌር ካልቆመ ማን ይበላል? ድስቴን ደፍቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር ቤት ዋልኩ።

በኋላ መንግሥት ለተጎዱ አነስተኛ ነጋዴዎች ያለ ማስያዣ ብድር፣ ለቤተሰባቸው ደግሞ ለሦስት ወር ዱቄትና ዘይት ሊሰጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ማመልከቻው ሰመራ ላለው ቢሮ በሰው እጅ መድረስ አለበት። እኛ የሰማነው ዘግይተን ስለነበር፣ ያ የተነሣሁበት ቀን የመጨረሻው ቀን ነው። ጓደኞቼ "አስካለ ደፋር ናት፣ ቢሮ አትፈራም" ብለው እኔን መረጡ። ደፋር ያሉኝ ስለማያውቁኝ ነው።

የማያውቁት ሌላም ነገር ነበር። ሌሊቱን ብርድ ብርድ ሲለኝ፣ ራሴን ሲፈልጠኝ ነው ያደረው። አዋሽ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ብርድ! ወባ ነው አልኩ ለራሴ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ሊሸኙኝ የመጡትን ጓደኞቼንም እንደ ወትሮው አቅፌ ተሰናበትኩ። ትኩሳት የተገኘበትን ሰው ከየኬላው እያወረዱ ለይቶ ማቆያ ያስገቡት ነበር። እኔ ከገባሁ ስድስታችንም ቀረን ማለት ነው።

ሚኒባሱ በግማሽ ሰው ስለሚሄድ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ አራት መቶ ብር ከፍዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም ሲያስል ሁላችንም ዞር እንላለን። እኔ ሳሌን እየዋጥኩ ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር።

ገዋኔ፣ 3 ሰዓት ተኩል

ገዋኔ ስንደርስ የከብት ገበያው ተዘግቷል፤ ሱቆቹም ግማሽ በራቸውን ከፍተው ነው የሚሸጡት። ሹፌራችን ተካ መኪናውን አቁሞ ወደ እኛ ዞረ።

"ሚሌ ላይ ትኩሳት ይለካሉ። በዚህ ፀሐይ እንኳን ሰው ድንጋዩም ያተኩሳል! ስለዚህ በረዶ ግዙና ስንቃረብ ግንባራችሁን ያዙበት። አንድ ሰው ከተያዘ ሁላችንም ቀረን።"

በረዶ የሆነ ሃይላንድ ውሃ በሃያ ብር ገዛሁ። ሌሎቹ የሚያበርዱት የፀሐይ ሙቀት ነበር። እኔ የማበርደውን አውቀው ነበር፤ አውቄም ገዛሁት።

ከዚያ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተሳፈሩ። አባባ ሐሰን ይባላሉ። ፍየል ሊሸጡ መጥተው ገበያው ስለተዘጋ ለዘመድ አደራ ሰጥተው መመለሳቸው ነው። በመካከላችን አንድ ባዶ ወንበር አለ። ገና እንደተቀመጡ፣ "ከየት መጣሽ ልጄ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አሉኝ።

ይህ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን፣ ከማን እንደሰሙትም ጭምር ይነጋገራሉ። ያኛው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ስልክ በሌለበት በረሃ ሰው ግጦሹንም፣ ጠቡንም፣ በሽታውንም የሚያውቀው በዚህ ነው። ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። አዋሽ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ልል አልችልም።

"ከአዋሽ ነው አባባ። መንገዱ ሰላም ነው፣ ዝናብ የለም" አልኩ።

"በሽታውስ? አዋሽ ገብቷል ይላሉ።"

"እኔ አላየሁም።"

"አንቺስ? ዓይንሽ ቀልቷል።"

"ደህና ነኝ። አቧራ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና አመኑኝ።

ጥቂት እንደተጓዝን ውሃ ጠየቁኝ። እጄ ላይ ያለው ያው ሃይላንድ ነው፤ ጠጥቼበታለሁ። በዚያ በረሃ ውሃ ለጠየቀ ሽማግሌ የለም አይባልም። ላለመስጠት ምክንያቴን መናገር ነበረብኝ። ምክንያቴን ፈርቼ ውሃውን ሰጠሁ። ማስኩን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ሲጠጡ ጉሮሯቸውን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ።

ሚሌ፣ 6 ሰዓት ከሩብ

ኬላው ላይ ተሰለፍን። በረዶውን ከግንባሬ ያነሣሁት ተራዬ ሊደርስ ሲል ነው። የለካኝ ልጅ መሣሪያውን አየና ሳቀ።

"ሠላሳ ሦስት! እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ሠላሳ ሦስት የሆነ ሰው እኮ ሞቷል ማለት ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ደክሞት ነበርና "በቃ ሂዱ" ብሎ እጁን አወዛወዘ።

አባባ ሐሰን እዚያው ወረዱ። "ከዚህ በእግሬ ነው። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቤቴ እደርሳለሁ። የልጅ ልጆቼ መንገድ ላይ ወጥተው ነው የሚጠብቁኝ" አሉኝ፤ መርቀውኝም ሄዱ።

ሚኒባሱ ገና ሳይነሣ በመስኮት አየኋቸው። ሁለት ሰዎች አገኙ፤ ሦስቱም ከግራር ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ሁለቱ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። መሀል ላይ አባባ ሐሰን በበትራቸው ወደ እኛ ሚኒባስ ጠቆሙ። የኔን ዜና እየነገሩ ነበር። "ከአዋሽ የመጣች ሴት ደህና ነኝ ብላለች።" ሁለቱ ተነሥተው በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ውሸቴ እኔ በማላውቀው አገር፣ በማላውቃቸው ሰዎች አፍ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

ሎጊያና ሰመራ፣ 7 ሰዓት ተኩል

ሎጊያ ላይ ጋራዦቹ ጭር ብለዋል፤ ምግብ ቤቶቹም እንደ እኛዎቹ ተከርችመዋል። ክላሰሩን ይበልጥ አቀፍኩት። ብናገር አምስት ሴቶች በእኔ ምክንያት ይቀራሉ። ዝም ብል ሽማግሌው መግሪብ ላይ ከልጆቹ መሀል ይቀመጣሉ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ ፍርሃት ግን ለማንም የሚሆን አልነበረም። ሰመራ መግቢያ ላይ ትኩሳት የሚለካበት ድንኳን እስኪታየኝ ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

በድንኳኑ ያለችው የጤና ባለሙያ ፋጡማ የምትባል የአፋር ልጅ ናት። መሣሪያውን ስታነሣ፣ "አትለኪኝ፤ በረዶ ይዤ ነው የመጣሁት። ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰኛል" አልኳት።

ከኋላዬ ተካ ጮኸ። "ሴትዮ፣ ጨረስሽን እኮ!" እውነቱን ነው፤ እሱንም ተሳፋሪዎቹንም ከእኔ ጋር ለይቶ ማቆያ አስገቧቸው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ለፋጡማ መጀመሪያ የነገርኳት የሽማግሌውን ነገር ነው። ውሃ መስጠቴን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ስልክ እስከ ሚሌ ነው እናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳጉ ነው" አለችና ሚሌ ላለው አጎቷ ደወለች። በአፋርኛ ፈጥና ፈጥና ተናገረች። አጎቷ መንገድ ላይ ወጥቶ ወደዚያ አቅጣጫ ለሚሄደው የመጀመሪያ ሰው ሊነግር ተስማማ።

ክላሰሩንም ጓንት አድርጋ ተቀበለችኝ። ወረቀቶቹን ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ ድንጋይ ጭናባቸው ቆየችና ራሷ ቢሮ ወሰደቻቸው። ስትመለስ አንዱ ወረቀት እጇ ላይ ነበር። የአምስቱ ጓደኞቼ ማመልከቻዎች የቀበሌ የውክልና ደብዳቤ ስላላቸው ተቀብለዋቸዋል። እኔ ግን በአካል እቀርባለሁ ብዬ ደብዳቤውን ሳላወጣ ነው የመጣሁት። "ባለቤቷ ካልቀረበች አይሆንም አሉ" አለችኝ። የተመለሰው የእኔ ነበር።

ለይቶ ማቆያ

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ወባ አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ያው በሽታው ነው። ልጆቼን ማን ያሳድጋል ብዬ አለቀስኩ። ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው እያልኩ ጣቶቼን እቆጥር ነበር። ተካም ተያዘ፤ ለእሱ ግን ቀለል አለለት። ከአጥር ማዶ ሆኖ አንድ ቀን፣ "በረዶ ግዙ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ" አለኝ። ከዚያ በኋላ መነጋገር ጀመርን።

ልወጣ ስል ፋጡማ የአባባ ሐሰንን መልስ አመጣችልኝ። ዜናው ያገኛቸው ቤታቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ወደ እሳቸው ሲሮጡ ይታዩዋቸው ነበር። በበትራቸው መልሰዋቸው ብቻቸውን ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሚስታቸው ወተቱን ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠችላቸው ሰነበቱ። አተኩሷቸዋል፤ ድነዋል።

"የመጀመሪያው ዜናሽ ውሸት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ቤቴ ሳልገባ ደረሰልኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። አንቺስ? እውነቱን ንገሪኝ" ብለዋል።

ተመልሶ አዋሽ

አምስቱ ጓደኞቼ መናኸሪያው አጠገብ ተራርቀው ቆመው ጠበቁኝ። ማመልከቻቸው ማለፉን ሰምተው ስለነበር እልል ሊሉ ሲያኮበኩቡ እጄን አነሣሁ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከደስታው ዜና በፊት ክፉውን መናገር ነው።

"ስሄድ ያመኝ ነበር። እያወቅሁ ነው አቅፌያችሁ የሄድኩት" አልኳቸው።

አንደኛዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። በመጨረሻ ከሁላችን ታላቅ የሆነችው ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተናገረች።

"እኔም አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ አተኩሶኝ ነበር። ከዝርዝሩ ያወጡኛል ብዬ ለማንም አልነገርኩም።"

"እኔም" አለች ወደ ኋላ የሸሸችው።