ንፋሱን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ባለቤቴም ሳትሰማው አረፈች። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ የሚያውቁኝማ ሰው ያተረፈ ሽማግሌ አድርገው ነው የሚያውቁኝ።

ማንም ሙያ አላስተማረኝም። ሁሉንም የተማርኩት ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እጄን አቃጥዬ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካሮልተንም ሆነ ፋርመርስ ብራንች ሰፈር፣ የሐበሻ ቤት ማሞቂያ ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ነው። ፈቃድ የለኝም፤ ፈቃድ ያላቸው አበላሽተው የሄዱትን ግን ስንቴ አቅንቻለሁ። ኃጢአቴን ስናገር እንኳ ጉራዬ እንደማይለቀኝ ይታየኛል።

ቤቱ የጀማልና የሰሚራ ነው። ጀማል ከኧርቪንግ ሆቴሎች ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። የጋዝ ማሞቂያቸውን፣ እዚህ ፈርነስ የምንለውን፣ ኮሪደሩ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተከልኩት እኔ ነኝ። የጋዝ እሳት እንደ ሰው ይተነፍሳል። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር ካለው ባዶ ቦታ አየር የሚያመጡ ሁለት ቀዳዳዎች አበጀሁለት፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። የጭሱን ቧንቧ ቀጥ አድርጌ በጣሪያው አወጣሁት። ዛሬም ከዚያ የተሻለ ሥራ አሳዩኝ።

ከዚያ ሰሚራ ወለደች። እናቷ እማማ ዘሃራ ሊያርሷት ከደሴ መጡ። በረዶ የጣለ ሰሞን ጠሩኝና ሄድኩ። እማማ የዚያችን ክፍል በር በመዳፋቸው እየዳሰሱ ጠበቁኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እዚህ ቤት እኮ አራስ አለች። ይሄ ሁሉ ንፋስ ከየት ነው የሚገባው? ልጄን ሊመታብኝ ነው።»

ሰሚራ ሕፃኑን እንዳቀፈች ከሶፋው ላይ ሳቀች። «ካልቻሉ ይንገሩኝ ጋሽ ታደሰ፣ ኩባንያ ኮል አደርጋለሁ።»

ቀልድ ነበር። እኔ ግን ቀልድ አልሆነልኝም። ንፋሱ የእሳቱ ትንፋሽ ነው ማለት ነበረብኝ። አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት ብችል ኖሮ ዛሬ ምንኛ በቀለለኝ! ግን እኔም አራስ ቤት ንፋስ አይገባም ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ። ደግሞስ እኔ አልችልም ልል ነው? ሁለቱንም ቀዳዳ በስፖንጅ ደፈንኩ፣ በፕላስተር አሸግኩ፣ የበሩን ዙሪያ በጎማ ጠረዝኩ። እማማ መዳፋቸውን መልሰው ቢያስጠጉ ምንም የለም።

«እጅዎ ይባረክ» አሉኝ። ተመረቅኩበት።

በማግስቱ ከሰዓት ሰሚራ ደወለች። ድምፅዋ ይጎተታል። «ራሴ ሊፈነዳ ነው። ልጁም አልጠባ አለኝ። እማዬ ንፋስ ነው ብላ ብርድ ልብስ ደራርባብናለች።»

ስልኩን ሳልዘጋ ገባኝ፤ አየር ያጣ እሳት መርዝ ይተፋል። «ሁላችሁም አሁኑኑ ውጡ» አልኳት፤ አምቡላንስም ጠራሁ። በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ስደርስ መስኮቶቹ ከውስጥ አልቧቸዋል። ጀማል ሥራ ላይ ነው፤ ሦስቱም ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸው። ተመልሼ ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። ሰማያዊ መሆን የነበረበት እሳት ቢጫ ሆኖ ይውለበለባል። ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቶቹን ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ያጠፋሁት የሙያ ጥፋት ብቻ ይሆን ነበር። አልቆምኩም። ስፖንጁን ከነፕላስተሩ መዝዤ አወጣሁና መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከሥር ቀበርኩት። ያኔ ለማን ነበር የፈራሁት? ለሕፃኑ? አይደለም። ለስሜ ነበር።

ሰሚራና ልጇ በአምቡላንስ ሄዱ። እሳት አደጋዎቹ በመለኪያቸው ሽታ የሌለውን መርዝ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አገኙ። ፈርነሱን ቢያዩት ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው። በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ደግሞ የከሰል ምድጃ አዩ፤ እማማ ለአራሷ ሥጋ የጠበሱበት ነው፣ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር። አንደኛው ወደ እማማ ዞሮ ምን እንደተፈጠረ ጠየቃቸው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛውንም ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

«ይንገሩት ጋሽ ታደሰ» አሉ እማማ። «ንፋሱን ዘግተነዋል ይበሉት። ያስዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በእርስዎ ላይ እንዳይፈርዱ።»

እኔን ሊሸፍኑ ነበር። እኔ ግን «ከሰሉን ወደ ውስጥ አስገብቼው ነበር ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻቸውን በቀስታ ዳበስ አደረጋቸው። ለእውነታቸው ይቅር ያላቸው መስሏቸው «አላህ ይስጠው» አሉ።

ሰሚራና ልጇ ዳኑ። ጀማል አማቱን አልተቆጣም፤ ምድጃውን ብቻ አውጥቶ ጣለው። እማማ ከሰሉ ውጭ ነበር ቢሉም፣ ጥፋቱ የንፋሱ መዘጋት እንዳልሆነ፣ የከሰል ጭስ ሳይታይ እንደሚገባ ያስረዳኋቸው እኔው ነኝ። በመጨረሻ አመኑኝ። አገራቸው እስኪመለሱ ልጁን አቅፈው አላየኋቸውም። እጃቸውን ፈሩት። የእኔን እጅ ግን ጀማል በየድግሱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ «ቤተሰቤን ያተረፈ እጅ» እያለ፤ እኔም እጄን አልነጠቅኩትም።

ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ባለፈው እዚያ ቤት ሳለሁ እማማ በቪዲዮ ደወሉ። ልጁን ሰላም እንዳሉት ሰሚራን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ራሱን ያመዋል? በእኔ የተነሳ ትምህርት ይከብደው ይሆን?» እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ፤ ሳህን በእጄ ይዤ።

እሑድ ወደዚያው እሄዳለሁ። ደሴ ደውሉልኝ እላለሁ፤ ሁሉም እየሰሙ እናገራለሁ። ከእናንተ ምሕረት አልጠይቅም፤ ምሕረቱ የእሳቸው ነው። ደንግጬ ነው፣ ቋንቋው አምታቶኝ ነው ብዬም አላመካኝም። ንፋሱን ዘግተነዋል ለማለት እንግሊዝኛው ያኔም አልጠፋኝም ነበር።