ጠዋት የሚበርድ ምድጃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የምድጃ ዕቃ ወደምሸጥበት ሱቄ ገብቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሊያቆም ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ባዶ በርሜል ነው። «እትዬ፣ ውስጡን ጡብ ላልብሰው ወይስ ጥጥ?» አለኝ። መርካቶ የሴራሚክ ፋይበርን ጥጥ ነው የምንለው። ነጭ ነው፣ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ እሳት ግን አይበላውም። ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ውጭ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበርና ያ ክረምት መጣብኝ።

አባባ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት ይሠራ ነበር። ምድጃውን በገዛ እጁ በጡብ ነው የገነባው። ጡብ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ማታ አጥፍተነው ሄደን ጠዋት ስንመለስ ገና ለብ ብሎ ይጠብቀናል። በክረምት መጀመሪያ የምናደርገው እጃችንን እዚያ ማሞቅ ነው። አባባ ዳቦ ላዩ ላይ ያስቀምጥና ሲሞቅ በሻይ እንበላለን። ስለ ጥጥ ሲነግሩት «ኤዲያ! ሙቀት የማይዝ ምድጃ ምኑ ምድጃ ነው?» ይል ነበር።

የታመመ ሰሞን ጡቡ ተሰነጣጥቆ ወደ ውስጥ ተናደ። እሱም ከአልጋው ሳይነሳ ቀረ። በሠልስቱ ዕለት ወንድሜ ተክሌ ጠጋ ብሎ፣ «ሠራተኞቹ ሌላ ቦታ ሥራ እየጠየቁ ነው። በዚህ ሳምንት እሳት ካልነደደ የአባባ ቤት ተዘጋ በይ። ጡብ ገንብተን እስኪደርቅ ጊዜ የለንም፤ ጥጥ እንይ» አለኝ። ንፍሮ እየበላሁ ነበር፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከቀብሩ ጀምሮ እንባ የሚባል አልወጣኝም። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ «አይዞሽ» ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ፤ በቃ።

ስንወጣ አክስቴ በር ላይ ያዘችን። «ወዴት ናችሁ?»

«ጥጥ ልንገዛ» አልኳት።

ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። «ኧረ በማርያም! ደግሞ ለማን?»

ለካ እሷ የመሰላት የመገነዣው ጥጥ ነው። ተክሌ ሳቅ አመለጠው፣ ሳቁም እዚያው ልቅሶ ሆነ። እኔ እስኪያበቃ ቆሜ ጠበቅሁት።

ጭቃውን እየዘለልን፣ «ዞር በሉ!» ለሚሉት ተሸካሚዎች እየለቀቅን ሶማሌ ተራ ደረስን። ጥጥ የሚሸጡት ሐጂ ሸምሱ አባባን ያውቁት ነበር። «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ወንበር ሰጡን። ቀጥለው፣ «እሳቱ ሌት ተቀን ይነድዳል ወይስ ማታ ታጠፉታላችሁ?» አሉ።

«ማታ እናጠፋዋለን።»

«እንግዲያው ወለሉን ጡብ፣ ግድግዳውንና ክዳኑን ጥጥ አድርጉት። ቶሎ ይግላል፣ የምታነዱትን ዘይት ይቆጥባል። ሲጠፋም ሙቀት አይዝም። ስትቆርጡት ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ አፋችሁን ሸፍኑ።»

ተክሌ ዞሮ አየኝ። የአባባ ቃል ትዝ እንዳለው ገብቶኛል። «ጥጥ ይሁን» አልኩ፤ ከንፈሬ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ምድጃው ታድሶ በዚያው ሳምንት ነደደ። አሉሚኒየሙ ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ቀለጠ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፣ አንድም ሰው አልሄደብንም። ተክሌ አቀፈኝ፤ እኔም «ጥሩ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት በዝናብ ርሼ ዳቦ ይዤ ገባሁ። እንደ ልማዴ እጄን ምድጃው ላይ አሳረፍኩ። ይበርዳል። ሌላውንም እጄን ጨመርኩ። እሱም በረደው። አባባ መሞቱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዳቦውን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሠራተኞቹ እስኪመጡ ድረስ ጮኼ አለቀስኩ።

ምርጫችን ትክክል ነበር። ዛሬም ያው ምድጃ ቢሰጡኝ ያንኑ እመርጣለሁ።

«ማታ ታጠፋዋለህ?» አልኩት ወጣቱን።

«አዎ።»

«በል ጥጥ ውሰድ።»

«ጉዳት የለውም?»

«ስትቆርጠው አፍህን ሸፍን። ጠዋት ደግሞ ይበርዳል።»

ሳቀ። «ታዲያ ጠዋት ምድጃ ቢበርድ ምን ይሆናል፣ እትዬ?»

«ምንም» ብዬ ጥቅሉን አወረድኩለት።